ለአሮጌ የሸራ ጀልባ የትኛው ኢንሹራንስ ያዋጣል?

በሜሪላንድ የቼሳፒክ ቤይ ዳር ያሉትን ማሪናዎች (የጀልባ ማቆሚያዎች) ዞር ዞር ብሎ ያየ ሰው፣ ከ1970ዎቹና ከ1980ዎቹ የተረፉ የፋይበርግላስ የሸራ ጀልባዎች ብዛት ይገርመዋል። ካታሊና፣ ፒርሰን፣ ካል፣ ታርታን የሚባሉ ስሪቶች። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የአንዳንዶቹ ዋጋ ያገለገለ ኮሮላ ከመግዛት አይበልጥም። ከሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ከአሌክሳንድሪያ ለተነሳ ሰው፣ መንገዱ ካልተዘጋጋ አናፖሊስ አንድ ሰዓት አይሞላም። ዋሽንግተንና አካባቢው ላለን ሀበሾች ባሕሩ እጃችን ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ጀልባዋን ማግኘት ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ኢንሹራንሱ ነው። ማሪናው ያለ ኢንሹራንስ ወረቀት ቦታ አላከራይም ይላል። ትደውላላችሁ። አንዱ ኩባንያ የተሠራችበትን ዓመት ሲሰማ «ይቅርታ» ብሎ ይዘጋዋል። ሌላው ዋጋ ይሰጣችኋል፣ ግን የሰርቬየር፣ ማለትም ጀልባ የሚመረምር ባለሙያ፣ ሪፖርት አምጡ ይላል። ሦስተኛው በአስር ደቂቃ ውስጥ በኢንተርኔት ውል ይሸጥላችኋል፣ ዋጋውም ደስ ይላል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ትንሹን ዓመታዊ ክፍያ መርጦ ይገላገላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ለአሮጌ ጀልባ የሚሸጡ ውሎች ከላይ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ውስጣቸው ግን በጣም ይለያያል። ዋጋ ከማወዳደር በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ከሚደርሱት አደጋዎች ውስጥ ኑሮዬን የሚያናጋው የትኛው ነው? 10,000 ዶላር የወጣባት ጀልባ ብትጠፋ ያማል፣ ግን ይታለፋል። ጀልባዋ ገመዷን በጥሳ የሰው 400,000 ዶላር ጀልባ ብትገጭ፣ ወይም እንግዳ ተሳፋሪ ወድቆ ወገቡ ቢሰበር ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ዕድሜዋ ለምን ያስፈራቸዋል?

ፋይበርግላስ በዕድሜ ብዛት ብቻ አይሞትም። በደንብ ከተያዘ የ45 ዓመት አካል ዛሬም ጠንካራ ነው። ኩባንያዎቹም ይህን ያውቃሉ። ችግራቸው ሂሳቡ ነው።

የ40 ዓመት ጀልባ በገበያ 12,000 ዶላር ታወጣለች እንበል። ኩባንያው የሚያስከፍላችሁ በዚህ ዋጋ ልክ ነው። ምሰሶዋ ቢሰበር ግን፣ አዲስ ምሰሶ ከነሽቦው ለ12,000 ዶላሯም ለ100,000 ዶላሯም ጀልባ ዋጋው ያው ነው። የሠራተኛው የሰዓት ክፍያም ያው ነው። ስለዚህ ለአዲስ ጀልባ መካከለኛ የሆነ ጉዳት፣ ለአሮጌዋ ሙሉ ኪሳራ ይሆናል። ትንሽ ሰብስበው ብዙ የሚከፍሉበት ዕድል ሰፊ ነው።

በዚህ ላይ አውሎ ነፋሶቹ አሉ። በ2017 ኢርማና ማሪያ፣ በ2022 ደግሞ ኢያን ብዙ ጀልባ አጥፍተዋል። ከዚያ በኋላ ኩባንያዎች ጥያቄ አብዝተዋል፣ ዋጋም ጨምረዋል። ፍሎሪዳ ያላችሁ ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ቼሳፒክ ላይ ሁኔታው ይሻላል፣ ቢሆንም አሮጌ ጀልባ ሲባል ጠንቀቅ ማለታቸው አልቀረም።

ሦስቱ አማራጮች

የመጀመሪያው አገር ቤት ለመኪና የምናውቀው ሦስተኛ ወገን ነው። እናንተ በሌላ ሰው አካል ወይም ንብረት ላይ ለምታደርሱት ጉዳት ይከፍላል። ለራሳችሁ ጀልባ ምንም አይከፍልም። ለ30 ጫማ የሸራ ጀልባ በአብዛኛው በዓመት ጥቂት መቶ ዶላር ነው። ትልቁ ጥቅሙ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሰርቬየር ሪፖርት አይጠየቅበትም።

ሁለተኛው የጀልባዋን ጉዳትም የሚሸፍን ነው፤ ግን የሚከፍለው አደጋው በደረሰበት ዕለት በምታወጣው ዋጋ ነው። «የዕለቱ ዋጋ» እንበለው። ውሉ ላይ 15,000 ዶላር ተጽፎ ብታዩም ያ ጣሪያው ነው። ጀልባዋ ከጠፋች የኩባንያው ገማች መጥቶ፣ ተመሳሳይ ጀልባ ስንት ተሸጠ ብሎ አይቶ፣ «9,000 ነው» ሊላችሁ ይችላል።

ሦስተኛው «የስምምነት ዋጋ» ነው። ውሉ ሲፈረም ጀልባዋ 15,000 ናት ብላችሁ ትስማማላችሁ። ሙሉ በሙሉ ከጠፋች 15,000 ይከፈላል፤ በዋጋው ላይ ክርክር የለም። ክፍያው ከሁለተኛው ከፍ ይላል። በተለመደው ሁኔታ የዚህ ዓይነት ሽፋን በዓመት ከጀልባዋ ዋጋ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይሆናል ይባላል። ለርካሽ ጀልባ ግን ይህ መቶኛ አይሠራም፤ ሦስተኛ ወገኑ ራሱ የራሱ ወጪ ስላለው ድምሩ ከፍ ይላል።

ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ጀልባዋ በከፊል ስትጎዳ ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። የ1984 ካታሊና 30 አለቻችሁ። በነፋስ ተገፍታ ከማሰሪያው እንጨት ጋር ስትላተም አደረች። የፋይበርግላስ ጥገናው 5,000 ዶላር፣ የተቀደደው ሸራ 4,000 ዶላር ተገመተ። ሸራው 12 ዓመት አገልግሏል። ዲዳክቲብላችሁ፣ ማለትም ቀድማችሁ ከኪሳችሁ የምትችሉት፣ 500 ዶላር ነው።

የስምምነት ዋጋ ውል ካላችሁ ለፋይበርግላሱ ሙሉውን 5,000 ያስባል። ሸራው ላይ ግን የዕድሜውን ይቀንሳል፤ ከ4,000ው 800 ቢሰጥ ነው። 500 ተቀንሶ 5,300 እጃችሁ ይገባል። ይህን ልብ በሉ፦ ጥሩ የሚባለው ውል እንኳ ሸራ፣ የጀልባዋ የዝናብ መከለያ ጨርቅ፣ ባትሪና የመሳሰለው ላይ አብዛኛውን ጊዜ እርጅና ይቀንሳል። ሻጩ ይህን ሳትጠይቁት አይነግራችሁም።

የዕለቱ ዋጋ ውል ከሆነ ደግሞ እርጅናው ፋይበርግላሱም ላይ ይመጣል። 5,000ው 3,500 ይሆናል እንበል። ከሸራው 800 ጋር ደምረን 500 ስንቀንስ 3,800 ይቀራል። የጥገናው ሂሳብ ግን 9,000 ነው። ሦስተኛ ወገን ብቻ የያዘ ሰው ደግሞ ዜሮ ያገኛል፤ ግን ለዓመታት ሲከፍል የኖረው ከሌሎቹ በጣም ያነሰ ነው።

ከዚህ የምወስደው አቋም ግልጽ ነው። ለአሮጌ ጀልባ መሐል ላይ ያለው የዕለቱ ዋጋ ውል ከሦስቱ ሁሉ ደካማው ነው። ሙሉ ሽፋን እንዳለው ሰው ትከፍሉበታላችሁ፣ የምታገኙት ግን ሲበዛ ትንሽ ነው። ዕድሜ ጠላቱ የሆነ ውል ለ40 ዓመት ጀልባ አይገዛም። ወይ የስምምነት ዋጋውን ያዙ፣ ወይ ሦስተኛ ወገኑን ብቻ በደንብ አድርጋችሁ ግዙና የተረፈውን ገንዘብ ለጥገና አስቀምጡ።

ሦስተኛ ወገን «በደንብ» ማለት ምን ማለት ነው?

ማሪናዎች በአብዛኛው 300,000 ዶላር ይጠይቃሉ፤ አንዳንዱ 500,000 ይላል። ሜሪላንድ ውስጥ ለግል የሸራ ጀልባ ኢንሹራንስ ግዴታ ነው የሚል የክልል ሕግ የለም። የሚያስገድዳችሁ ማሪናው ነው። ቤትና ሌላ ንብረት ያለው ሰው ማሪናው ባለው መጠን ብቻ ረክቶ ባይቀር እመክራለሁ። ከ300,000 ወደ 500,000 ለማሳደግ የሚጨመረው ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። ማሪናው ስሙ በውሉ ላይ ተጨማሪ ተጠቃሚ ሆኖ እንዲጻፍለትም ሊጠይቅ ይችላል፤ ይህ የተለመደ ነው፣ አያስደንግጣችሁ።

ከገንዘቡ መጠን በላይ የማየው ግን ሁለት አንቀጾችን ነው።

አንደኛው የሰጠመች ጀልባን የማንሳት ወጪ ነው። ጀልባ ብዙ ጊዜ የሚሰጥመው ማዕበል ውስጥ ሳይሆን ታስሮ ባለበት ቦታ ነው። የላስቲክ ቱቦ ይሰነጠቃል፣ ፓምፑ ባትሪ ይጨርሳል፣ ጠዋት ላይ ምሰሶው ብቻ ይታያል። ከዚያ ማሪናው ወይም የክልሉ መንግሥት «አንሱ» ይላችኋል። ጠላቂ፣ ክሬን፣ ፓምፕ፣ የሚጥሉበት ቦታ ክፍያ። ድምሩ ከጀልባዋ ዋጋ በላይ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የማንሳት ወጪው ከየትኛው ኪስ እንደሚከፈል ጠይቁ። አንዳንዱ ውል ከሦስተኛ ወገኑ መጠን ይከፍላል፤ ይህ ጥሩ ነው። አንዳንዱ ከጀልባዋ ዋጋ ላይ ይቀንሳል፤ ይኼኔ 12,000 የተባለችው ጀልባ ተነስታ ሳታልቅ ገንዘቡ ያልቃል። አንዳንድ ርካሽ ውል ደግሞ ጭራሽ አይጠቅሰውም። ያን ዓይነቱን አትግዙ፤ ምንም ያህል ርካሽ ይሁን።

ሁለተኛው የነዳጅ መፍሰስ ነው። በአላስካ በ1989 የኤክሰን ቫልዲዝ መርከብ ከደረሰባት አደጋ በኋላ፣ በ1990 የወጣው የፌዴራል የዘይት ብክለት ሕግ የጽዳቱን ወጪ በባለቤቱ ላይ ይጥላል። ሕጉ ለግዙፍ መርከብ ብቻ አይደለም። ከእናንተ ጀልባ ታንክ የወጣ ናፍጣም ይጠየቅበታል። ጥሩ ውል ይህን ለብቻው ይሸፍናል።

የቤት ኢንሹራንሴ ይሸፍንልኛል የሚል ሰውም አጋጥሞኛል። የተለመደው የቤት ውል ለጀልባ ንብረትነት የሚከፍለው እስከ 1,500 ዶላር ገደማ ነው። ሦስተኛ ወገኑንም 26 ጫማና ከዚያ በላይ ለሆነ የሸራ ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም። ለትንሽ የ15 ጫማ ጀልባ ይጠቅም ይሆናል። ከዚያ በላይ አትመኩበት።

ሰርቬየሩ ሲመጣ

የስምምነት ዋጋ ከፈለጋችሁ የሰርቬየር ሪፖርት አይቀርላችሁም። ጀልባዋ ከተወሰነ ዕድሜ ካለፈች፣ ብዙዎቹ ከውሃ ወጥታ እንድትታይ ይፈልጋሉ። ክፍያው ለአንድ ጫማ ከ20 እስከ 30 ዶላር አካባቢ ነው፤ ክሬኑ ለብቻው ይከፈላል። ለ30 ጫማ ጀልባ ድምሩ ወደ 1,000 ዶላር ቢጠጋ አይግረማችሁ። ኩባንያው የሚቀበለውን ሰርቬየር ቀድማችሁ ጠይቁ። ሳምስ ወይም ናምስ የሚባሉት የሰርቬየሮች ማኅበራት አባል መሆኑን አብዛኞቹ ይፈልጋሉ።

ጥሩ ሰርቬየር ሲሠራ ማየት ትምህርት ነው። ትንሽ የላስቲክ መዶሻ ይይዝና ዴኩን፣ ማለትም የጀልባዋን የላይኛውን ወለል፣ ቶክ ቶክ እያደረገ ይሄዳል። ጠንካራው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ውሃ የገባበት ግን ድፍን ያለ፣ የሞተ ድምፅ አለው። በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ ጀልባዎች ዴካቸው ሁለት ሽፋን ፋይበርግላስ ሆኖ መሐሉ የባልሳ እንጨት ነው። በአንዲት በላላች ብሎን ቀዳዳ ውሃ ከገባ እንጨቱ ይበሰብሳል። ከዚያ ሰርቬየሩ ወደ ጀልባዋ ውስጥ ይገባል። ምሰሶዋን የያዙት ሽቦዎች ከጀልባዋ አካል ጋር የሚያያዙበትን ብረት፣ ቼይንፕሌት የሚሉትን፣ በባትሪ ያያል። የዝገት እንባ ከታች ካለ ፊቱ ይለወጣል። ሽቦዎቹ ራሳቸው ከ10 እስከ 15 ዓመት ካለፋቸው ይቀየሩ ይላል። ከውሃው መስመር በታች ያሉትን ቫልቮች በእጁ ይዞ ያዞራቸዋል። የማይዞር ካለ ይጽፋል። የቱቦዎቹ መያዣ ቀለበት አንድ ብቻ ከሆነ ይጽፋል። ከመሬት ኤሌክትሪክ የሚቀበለው መሰኪያ ጠቆር ካለ ያንን በትልቁ ይጽፋል፣ ምክንያቱም የጀልባ እሳት አንዱ መነሻ እሱ ነው።

ሞተሯ ቤንዚን ከሆነ ተጨማሪ ጥያቄ ይመጣል። እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ የተሠራው አቶሚክ 4 የሚባለው ሞተር ዛሬም በብዙ ጀልባ ውስጥ አለ። ሞተሩ ጥሩ ነው። የቤንዚን ትነት ግን ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ሥር ይጠራቀማል። የአየር ማስወጫው ማራገቢያ ካልሠራ ኩባንያው አይቀበልም፤ ልክም ነው።

ሪፖርቱ ሲያልቅ «መደረግ ያለባቸው» የሚል ክፍል አለው። ኩባንያው ያንን አይቶ፣ በተወሰነ ቀን ውስጥ አስጠግናችሁ ፈርሙ ይላችኋል። ሰዎች እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣሉ። እኔ ግን የሰርቬየር ሪፖርት ለገዢ የመደራደሪያ ወረቀት ነው እላለሁ። የ2,000 ዶላር ጥገና ከተገኘ ሻጩ ከዋጋው ይቀንስ። ለዚህ ነው ሪፖርቱ ከግዢው በፊት መሠራት ያለበት። አንድ ሪፖርት ለሁለት ሥራ ይውላል፦ ለግዢውም ለኢንሹራንሱም። የጀልባዋን ዋጋም እንዲገምት ለሰርቬየሩ ንገሩት፤ የስምምነት ዋጋው መሠረት የሚሆነው ያ ቁጥር ነው።

የእንጨት ጀልባ የገዛችሁ ከሆነ ሁሉም ነገር ይከብዳል። በር የሚከፍትላችሁ ጥቂት ነው፤ ልዩ ደላላ ያስፈልጋችኋል።

የት ይጠየቃል?

ሦስት በር አለ። የመጀመሪያው የመኪናችሁን ኢንሹራንስ የገዛችሁበት ትልቅ ኩባንያ ነው። ፕሮግረሲቭና ስቴት ፋርም የጀልባ ውል ይሸጣሉ። ለትንሽ፣ ለርካሽና በባሕር ዳርቻ አካባቢ ብቻ ለምትንቀሳቀስ ጀልባ ዋጋቸው ይጥማል፤ ከመኪናው ጋር ሲጣመርም ቅናሽ ሊኖር ይችላል። ደካማ ጎናቸው፣ ስልኩን የሚያነሳው ሰው የሸራ ጀልባን ከሞተር ጀልባ ለይቶ ላያውቅ መቻሉ ነው።

ሁለተኛው በጀልባ ላይ ያተኮረ ነው። ቦትዩኤስ በ1966 የተመሠረተ የጀልባ ባለቤቶች ማኅበር ሲሆን ዛሬ የሚሠራው ከጋይኮ ኢንሹራንስ ጋር ነው። ማርክልም ከዚሁ መስመር ይመደባል። እነዚህ የሰርቬየር ሪፖርት ያነባሉ፣ የጀልባችሁን ሞዴል ያውቃሉ፣ የስምምነት ዋጋ ውል መኖሩንም አብራርተው ይነግሯችኋል።

ሦስተኛው የጀልባ ደላላ ነው። ጀልባችሁ ከ40 ዓመት ካለፈች፣ ወይም ውስጧ ልትኖሩ ካሰባችሁ፣ ወይም ባሃማስ ድረስ ልትሄዱ ከሆነ ደላላው ያዋጣል። ለብዙ ኩባንያ በአንዴ ያስገባላችኋል። አናፖሊስ ውስጥ በየጥቅምቱ የሚካሄደው የሸራ ጀልባዎች ትርዒት ላይ እነዚህ ደላሎች ጠረጴዛ ይዘው ይቆማሉ። ሄዶ ፊት ለፊት ማነጋገር ይጠቅማል።

ጥሩ ዋጋ የሚያስገኝላችሁ ሌላ ነገር ደግሞ የራሳችሁ የሸራ ታሪክ ነው። የጀልባ ኢንሹራንስ ነጂውንም ይመዝናል። የት ተማራችሁ፣ ስንት ጫማ ጀልባ ነድታችኋል፣ በየትኛው ውሃ? ይህን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አያይዙ። አዲስ ከሆናችሁ ኮርስ ውሰዱ። በሜሪላንድ ከጁላይ 1፣ 1972 ጀምሮ የተወለደ ሰው ሞተር ያላት ጀልባ ለመንዳት የደህንነት ትምህርት ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል፤ የሸራ ጀልባችሁ ትንሽ ሞተር ካላትም ይመለከታችኋል። ያ ትምህርት በብዙ ኩባንያ ዘንድ ቅናሽ ያስገኛል። ከዚህ በፊት ነድታችሁ ከምታውቁት በጣም የምትበልጥ ጀልባ ከገዛችሁ፣ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ልምድ ያለው ካፒቴን አብሯችሁ ይውጣ ሊሉ ይችላሉ። አይክፋችሁ።

ክፍያው የሚቀንስባቸው መንገዶች፣ ከነመዘዛቸው

የክረምት እረፍት አለ። ጀልባዋ ከዲሴምበር እስከ ማርች አትንቀሳቀስም ብላችሁ ከፈረማችሁ ዋጋው ይቀንሳል። ለቼሳፒክ ሰው ይህ የተገኘ ገንዘብ ነው፤ በዚያ ብርድ ማንም አይወጣም። ግን በፌብሩዋሪ አንድ ሞቅ ያለ ቅዳሜ አይታችሁ ከወጣችሁ ሽፋን የላችሁም።

የመንቀሳቀሻ ክልልም አለ። ቤዩ ውስጥ ብቻ ከሆናችሁ ርካሽ ነው። ወደ ደቡብ ልሂድ ያለ ሰው ቀድሞ መደወል አለበት። የአትላንቲክ አውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፤ ብዙ ውል በዚህ ጊዜ ከተወሰነ መስመር በታች እንዳትገኙ ይከለክላል።

ዲዳክቲብሉን ከፍ ማድረግ ጥሩ ዘዴ ነው። ትንንሹን ጉዳት ራሳችሁ ቻሉት፣ ለትልቁ ኢንሹራንስ ይኑራችሁ። ግን አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ዲዳክቲብል ሊኖር ስለሚችል አረጋግጡ። ብዙ ጊዜ ስም ለተሰጠው አውሎ ነፋስ (እንደ ኢርማ ላለው) የተለየ፣ ከፍ ያለ አለ። ከጀልባዋ ዋጋ 5 ወይም 10 በመቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል። «እኛ ጋ አውሎ ነፋስ የለም» አትበሉ። በሴፕቴምበር 2003 ኢዛቤል ስትመጣ የባሕሩ ውሃ አናፖሊስ መሐል ከተማ ገብቷል። አንዳንድ ኩባንያ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ጀልባዋን ከውሃ ለማውጣት የምታወጡትን ወጪ በከፊል ይመልሳል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ከሆኑ ሁለት ውሎች ይህ ያለበትን እመርጣለሁ።

ጉተታን ከዚህ ጋር አታምታቱ። አሸዋ ላይ ተቀምጣችሁ የሚጎትታችሁ ብትጠሩ፣ አብዛኛው ኢንሹራንስ ያንን አይከፍልም ወይም ጥቂት ብቻ ይከፍላል። ቶውቦትዩኤስ ወይም ሲቶው ጋ ዓመታዊ አባልነት መያዝ ከአንድ ጉተታ ሂሳብ ያነሰ ወጪ ነው። ጀልባዋ አደጋ ላይ ሆና፣ ውሃ እየገባባት ከደረሱላችሁ ግን ጉዳዩ ጉተታ መሆኑ ይቀርና ሳልቬጅ ይሆናል፤ አዳኙ የሚጠይቀው ከተረፈው ንብረት ዋጋ አንጻር ነው። ያንን መክፈል ያለበት የጀልባዋ ኢንሹራንስ ነው። ገመድ ከመቀበላችሁ በፊት «ይህ ጉተታ ነው ወይስ ሳልቬጅ?» ብላችሁ ጠይቁ።

እውነቱን ጻፉ

የባሕር ኢንሹራንስ ከመኪናው በጣም ጥብቅ ነው። ማመልከቻው ላይ የደበቃችሁት ነገር ከአደጋው ጋር ባይገናኝም ውሉን ሊያፈርሰው ይችላል። የቀድሞ አደጋ፣ ውስጧ መኖራችሁ፣ በኪራይ መስጠታችሁ፣ ያልተጠገነ የሰርቬየር ማሳሰቢያ፣ ሁሉንም ጻፉ።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2024 የወሰነው ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሬይደርስ ሪትሪት የተባለ የፔንሲልቬንያ ድርጅት ጀልባ በ2019 ፍሎሪዳ፣ ፎርት ላውደርዴል አካባቢ መሬት ነክታ ተጎዳች። ግሬት ሌክስ የተባለው ኢንሹራንስ አልከፍልም አለ። ምክንያቱ? የእሳት ማጥፊያ መሣሪያዎቿ በጊዜው አልተመረመሩም የሚል ነበር። እሳት የሚባል ነገር ግን አልተነሳም። ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰው ጥያቄ፣ ክርክሩ በየትኛው ክልል ሕግ ይታይ የሚል ነበር፤ ዘጠኙም ዳኞች ውሉ የመረጠው የኒው ዮርክ ሕግ በመርህ ደረጃ ይጸናል አሉ። ለእኛ ሁለት ነገር ይተርፈናል። የእሳት ማጥፊያችሁን ቀን እዩ። ውሉ የየትኛውን ክልል ሕግ እንደሚጠቅስም እዩ።

ሌላው የሚያጣላ ነገር እርጅና ነው። ዝገት፣ ብስባሽ፣ ቀስ በቀስ ያለቀ ዕቃ በማንኛውም ውል አይሸፈንም። ጥያቄው በእርጅናው ሰበብ የመጣው ጉዳት ነው። ያረጀው ቱቦ ተሰንጥቆ ጀልባዋ ብትሰጥም፣ ጥሩ ውል የቱቦውን ዋጋ ትቶ ለመስጠሟ ይከፍላል። ደካማው ውል «ከእርጅና የመጣ ነው» ብሎ ሁሉንም ይተወዋል። ለአሮጌ ጀልባ ከዚህ የሚበልጥ አንቀጽ የለም። ውሉን በኢሜይል አስልካችሁ ይህን ቦታ በዓይናችሁ አንብቡ፤ በስልክ የተነገራችሁን አትመኑ።

እኔ ብሆን

ጀልባዋ ከ10,000 ዶላር በታች ከሆነች፣ 500,000 ሦስተኛ ወገን እይዛለሁ፤ የማንሳትና የነዳጅ አንቀጽ ያለበት። የጉተታ አባልነት እጨምራለሁ። ለጀልባዋ ሽፋን ልከፍለው የነበረውን በየዓመቱ ለሽቦና ለቫልቭ አውለዋለሁ። ጀልባን ከመስጠም የሚያድናት እሱ ነው።

ከ10,000 እስከ 40,000 ከሆነ የስምምነት ዋጋ፣ ከፍ ካለ ዲዳክቲብልና ከክረምት እረፍት ጋር። ባንክ ብድር ያለባት ጀልባ ላይ ምርጫ የለም፤ ባንኩ ራሱ ሙሉ ሽፋን ይጠይቃል። ቁጠባችሁ ሙሉ በሙሉ የገባባት ጀልባ ከሆነች ደግሞ፣ ዋጋዋ ትንሽ ቢሆንም ሙሉ ሽፋን ብትገዙ አልቃወምም።

ቅደም ተከተሉ ግን ለሁሉም አንድ ነው። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የጀልባዋን ዓመት፣ ሞዴልና የሞተር ዓይነት ይዛችሁ ለሦስቱም በር ደውሉ። «ይህችን ጀልባ በመርህ ደረጃ ትቀበላላችሁ?» በሉ። የግዢ ስምምነቱ ላይ «ሰርቬይና ኢንሹራንስ ካልተገኘ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገቡ። ከዚያ ሰርቬየሩ ይምጣ። ሽፋኑ የሚጀምርበት ቀን የባለቤትነት ወረቀቱ ከሚፈረምበት ቀን ጋር አንድ ይሁን፤ ብዙ ሰው ጀልባዋን በዚያው ቀን ወደ አዲሱ ማሪና ስለሚነዳት፣ ያች የመጀመሪያ ጉዞ ሽፋን እንዳላት በጽሑፍ አረጋግጡ።